ቆሞ የሚደክም ባትሪ



በቤታችን ውስጥ አንዳንዱ ዕቃ በመቀመጡ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ በመቀመጡ ይጠፋል። ወርቅ በሣጥን ቢቀመጥ ወርቅነቱን አይለቅም። የበዓል ቀሚስ ግን እያወጡ ካላናፈሱት ብል ይበላዋል። የአውቶሞቢል ባትሪም ከሁለተኛው ወገን ነው። «መኪናው ስለማይነዳ ባትሪው አይደክምም» የሚል አሳብ በብዙ ቤት አለ፤ ይሁን እንጂ ስሕተት ነው። ባትሪ በወጉ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ያለ ጠባቂ ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ ይበልጥ ይጎዳል። ይህን ባለማወቅ አንድ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ሲከስርና ከገንዘብም የሚበልጥ ነገር ሊያጣ ሲቃረብ ስላየን፥ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ላይ ልንነጋገር ወደድን።

በአሜሪካ አገር ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፥ በሜሪላንድ፥ የሚኖሩ አንዲት የምናውቃቸው እናት አሉ። ባለቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ከተዉላቸው ንብረት አንዱ፥ ጣራዋ የሚገለጥና ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች፤ ስሟም ማዝዳ ሚያታ ይባላል። ይህ ዓይነት መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የተሸጠ ሲሆን፥ ቅለቱ ብዙ ወዳጅ አትርፎለታል። ሟቹም በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ይነዷት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን በመኪና ቤት ያኖሯታል።

ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው፥ መኪናዋ እንዳትበላሽ በማለት፥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል እያስነሣ መልሶ ያጠፋት ነበር። ይህንንም ያደርግ የነበረው ለአባቱ መታሰቢያ በማሰብ፥ በቅን ልቡና ነው። ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ባትሪ ተገዛ። አዲሱ ባትሪ በመጀመሪያው እሑድ ያስነሣል፤ በሁለተኛው እያቃሰተ ያስነሣል፤ በሦስተኛው ፈጽሞ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ የጎረቤት መኪና ተለምኖ፥ ገመድ ተዘርግቶ፥ በመከራ ይነሣል። ወደ ጥገና ቤት ቢወስዱትም ሠራተኞቹ ባትሪውን ለወጡት እንጂ ምክንያቱን አልመረመሩም። አንድ ገዥ መጥቶም፥ መኪናዋ አልነሣ ስላለችው፥ እንደ ቁራጭ ብረት ዋጋዋን አራክሶ ጠራት። እኛ ለቡና በተጠራንበት ቀን እናቲቱ ልጃቸውን «ልጄ፥ ይህች መኪና ከአባትህ በኋላ አልሆነላትም፤ ያለንን ሳትጨርስብን ባገኘነው ዋጋ እንሽጣት» ሲሉት ሰማን። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ወደ ነገሩ ፍጻሜ ከመሄዳችን በፊት፥ ባትሪ ምን እንደ ሆነ ጥቂት እናስረዳ።

የእርሳስ ባትሪን በመጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ መነሣት የጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፥ በ1912 ዓ.ም. የካዲላክ መኪና የኤሌክትሪክ ማስነሻ በገጠመ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል ከሁለት ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል። በየክፍሉ ውስጥ የእርሳስ ሳሕኖችና ከኦክስጅን ጋራ የተዋሐደ እርሳስ የተለበጠባቸው ሳሕኖች ጎን ለጎን ቆመው፥ ውኃ በተቀላቀለበት የሰልፈር አሲድ ውስጥ ይነከራሉ። ባትሪው ኃይሉን ሲሰጥ አሲዱ ወደ ሳሕኖቹ ይገባል፤ ሳሕኖቹም የእርሳስ ሰልፌት በሚባል ነጭ ነገር ይሸፈናሉ። ሲሞላ ደግሞ ይህ ነጭ ነገር ተመልሶ ይሟሟል። ቶሎ ከተሞላ ችግር የለም። ባትሪው ኃይሉን ጨርሶ ለሳምንታት ከተተወ ግን፥ ያ ነጭ ነገር እንደ ጨው ድንጋይ ያድጋል፥ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢሞሉት አይለቅም። የባትሪ ሞት በአብዛኛው ይህ ነው።

ታዲያ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ቁልፉ ወጥቶ፥ በሩ ተዘግቶ ሳለ ኃይሉን የሚወስደው ማን ነው? ሰዓቱ፥ የሬዲዮው ማስታወሻ፥ የሌባ መከላከያው፥ ሞተሩን የሚያዝዘው መሣሪያ ሁሉም ሌሊትና ቀን ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። ይህ በልኩ ሲሆን ነውር አይደለም፤ በብዙ መኪና ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ይደርሳል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ይህ ከቁጥር አይገባም። ለሚቆም መኪና ግን «ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል» እንደሚባለው ነው። የስፖርት መኪና ባትሪ ደግሞ ለቅለት ሲባል ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። 30 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢኖረንና መኪናው 30 ሚሊ አምፔር ቢጠጣ፥ በ3 ሳምንት ውስጥ እኩሌታው ያልቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። የስፖርት መኪና ሠሪዎች ክብደቱን ለማመዛዘን ባትሪውን ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ አያኖሩትም። በአሮጌዎቹ ሚያታዎች በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው የእንግሊዞቹ ኤም ጂ ቢ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ከመቀመጫዎቹ ኋላ፥ ከወለሉ በታች ነበሩ። ከ1969 እስከ 1973 ዓ.ም. በወጣው የፖርሽ 911 ደግሞ ሁለት ባትሪዎች በፊት ለፊት በግራና በቀኝ ተቀምጠው ነበር። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃልና፥ ባለቤቱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱንና ውኃውን ሲያይ ባትሪውን ሳያይ ይከርማል።

አሁን ወደ እሑዱ አምስት ደቂቃ እንመለስ። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ዐዋቂ የሆነ ወዳጃችንን ወደዚያ ቤት ይዘነው ሄድን። መለኪያውን በባትሪውና በገመዱ መካከል አግብቶ ቢያይ፥ ቆማ የምትውለው መኪና 90 ሚሊ አምፔር ትጠጣ ነበር። ይህም በሳምንት ከ15 አምፔር ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ማለት የትንሹን ባትሪ እኩሌታ። ልጁ በአምስት ደቂቃ ይመልስለት የነበረውስ? ዲናሞው አምስቱንም ደቂቃ 20 አምፔር ሰጠ ብንል እንኳ፥ ሁለት አምፔር ሰዓት አይሞላም። ዐሥራ አምስት እየወጣ ሁለት የማይሞላ የሚገባበት ቤት እንዴት ይቆማል? ከዚህም በላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፥ በውስጡና በጭስ መውጫው የሚጠራቀመው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል።

የፊውዞቹን ሣጥን ከፍቶ አንድ በአንድ ሲነቅል፥ የሬዲዮው ፊውዝ በወጣ ጊዜ መለኪያው ወደ 20 ወረደ። ይህን ሬዲዮ ያስገባው ልጁ ነው፤ ከአባቱ ዕረፍት በኋላ መኪናዋን ለማሳመር ብሎ። የገጠመለት ሠራተኛ ከቁልፉ ጋራ መጥፋት የሚገባውን ሽቦ ዘወትር ኃይል ካለበት ሽቦ ጋራ ስላያያዘው፥ ሬዲዮው ዝም ብሎ ሳለ አይተኛም ነበር። ሽቦው ወደ ስፍራው ተመለሰ።

ወዳጃችን ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «ሟቹ ክረምቱን እንዴት ያሳልፏት ነበር?» አለ። እናቲቱ ጥቂት አስበው፥ «ከግድግዳው አጠገብ ገመድ ያላት አንዲት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነበረች፤ ምን እንደ ሆነች ስላላወቅን ቤቱን ስናጸዳ ጠቅልለን ከአሮጌው ዕቃ ጋራ አኖርናት» አሉ። ተፈልጋ መጣች። ባትሪን ቀስ ብላ የምትሞላና በሞላ ጊዜ ራሷ የምትቀንስ መሣሪያ ነበረች። ሟቹ በየክረምቱ ይህችን እየሰኩ ይተዉ ኖሯል፤ ለማንም ግን አልነገሩም። ልጁ ሣጥኗን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ተመለከታት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ አንባብያን ልታደርጉት የሚገባው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ባትሪው ካረፈ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በቮልት መለኪያ እዩት። 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ እኩሌታ ወርዷል፤ 12 ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይሞላ።

ሁለተኛ፤ መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነና በአጠገቡ ኤሌክትሪክ ካለ፥ ራሱን የሚቈጣጠር ትንሽ መሙያ ሰክታችሁ ተዉት። የድሮው ዓይነት፥ ራሱን የማይቈጣጠር መሙያ ግን ውኃውን አፍልቶ ሳሕኖቹን ስለሚያበላሽ ለቀናት ሊተው አይገባም። ባትሪው የታሸገ ዓይነት ከሆነ መሙያው ለእርሱ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ።

ሦስተኛ፤ ኤሌክትሪክ ከሌለ ከመኪናው አካል ጋራ የተያያዘውን ገመድ ፍቱ። ይህ በአብዛኛው የነጌቲቩ ገመድ ነው፤ እስከ 1967 ዓ.ም. በተሠሩት የኤም ጂ ቢ መኪናዎች ግን ከአካሉ ጋራ የተያያዘው ፖዘቲቩ ስለሆነ አስተውሉ። የተፈታ ባትሪም በራሱ ጥቂት ስለሚደክም፥ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይሞላ።

አራተኛ፤ ማስነሣት ካስፈለገ ማስነሣት ብቻ አይበቃም፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በመንገድ ይነዳ። ሞተርን በተዘጋ የመኪና ቤት ውስጥ ማስነሣት ግን ከቶ አይገባም። ከጭሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

አምስተኛ፤ ባትሪው ከዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፥ በምትኩ የሚገዛው ባትሪ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። አለዚያ የአሲዱ ትነት ብረቱን ይበላል።

ብርድና ሙቀትም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሙሉ ባትሪ ጽኑ ብርድን ይችላል፤ ባዶ ባትሪ ግን አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚቀርብ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ይረጋል፥ ሣጥኑንም ይሰነጥቃል። የረጋ ባትሪ ከቶ አይሞላ። ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪው በራሱ የሚደክምበት ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መርምሩ።

ባትሪ ሲሞላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣልና፥ ሻማም ሆነ ሲጃራ አይቅረበው። የእጅ ቀለበትና አምባር ይውለቁ። አሲድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብዙ ጊዜ በብዙ ውኃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬድ። የሞተውም ባትሪ በግቢ አይጣል፤ እርሳስ ለሕፃናት መርዝ ነው። በአሜሪካ ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች አሮጌውን ተቀብለው ለመያዣ የተከፈለውን ገንዘብ ይመልሳሉ።

በወጉ ያልተያዘ ባትሪ በአንድ ዓመት ይሞታል፤ በመጠኑ የተያዘው አራትና አምስት ዓመት ይኖራል፤ ዘወትር ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው ከዚያም ያልፋል።

የዚያ ቤት መኪና አልተሸጠችም። አራተኛው ባትሪ ተገዝቶ፥ ትንሿ ጥቁር ሣጥን ወደ ቀድሞ ስፍራዋ ተመልሳ ክረምቱን አለፈች። በሚያዝያ ልጁ እናቱን አስቀምጦ ጣራዋን ገልጦ ወጣ። ከሣጥኗ በላይ በግድግዳው ላይም አሁን አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ምን እንደ ሆነች፥ መቼ እንደምትሰካ፥ እንዴት እንደምትነቀል በእናቲቱ እጅ በአማርኛ ተጽፎበታል። አባቶችም እናቶችም በቤታችሁ ለብቻችሁ የምታውቁት ሥራ ካለ፥ ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ በወረቀትም ጻፉላቸው።