«ሕጉ ተቀያየረብን» ለሚሉ የፋብሪካ ባለቤቶች

ባለፈው ሰሞን ለአምራች ድርጅቶች በተዘጋጀ የሥራ ደህንነት ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። ከሻይ እረፍት መልስ አንድ ባለሀብት ተነሱና «ሕጉ በየጊዜው ይቀያየራል፤ አንዱን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል፤ እንዴት ነው ደርሰን የምናሟላው?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የናደደኝ ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሴም። እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

መቀየሩስ ተቀይሯል። አዋጅ 42/1985 በ377/1996 ተተካ፣ እሱም በ1156/2011 ተተካ። የሚኒስቴሩ ስም ሳይቀር ተቀይሮ «ሥራና ክህሎት» ሆኗል። የውጭ ገዢ ያላቸው ፋብሪካዎች ደግሞ ኦሃሳስ 18001 ሲባሉ ቆይተው አሁን አይኤስኦ 45001 አምጡ ይባላሉ። ይሄን ሁሉ አልክድም።

ግን እስቲ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ገልጣችሁ እዩ። በ377 የአሠሪው የደህንነት ግዴታ ያለው አንቀጽ 92 ላይ ነው። በ1156ም አንቀጽ 92 ላይ ነው። ቁጥሩ እንኳ አልተነቃነቀም! ሠራተኛው የሚሠራው ሥራ ምን አደጋ እንዳለው ንገረው ይላል። የደህንነት ኃላፊ መድብ፣ ኮሚቴ አቋቁም፣ መከላከያ ስጠው፣ አጠቃቀሙንም አሳየው ይላል። አደጋ ሲደርስ መዝግብ፣ ለተቆጣጣሪውም አሳውቅ ይላል። ይሄ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ለማሟላት ስንት ዓመት ይበቃን ነበር?

በእኛ ፋብሪካዎች ከሕጉ ጋር አብሮ የሚቀየረው ፋይሉ ነው። አዲስ አዋጅ ሲወጣ አማካሪ ይጠራል፣ የድሮው ፖሊሲ ላይ ቁጥሩ ተነስቶ አዲሱ ይገባል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑ ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

ይሄን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት «ሴፍቲ» ነበርኩ። እዚያ ባለ ሁለት በተን ፕሬስ ነበረን። ሁለቱም እጆች በተኖቹ ላይ ካልሆኑ ማሽኑ አይመታም፤ እጆች በተኖቹ ላይ ካሉ ደግሞ ሻጋታው ሥር የሉም ማለት ነው። ቀላል ብልሃት ነው። ኦፕሬተሮቹ የግራውን በተን ተጭነው ክፍተቱ ውስጥ ትንሽ ስንጥር እንጨት ይሸጉጡበታል። ከዚያ በኋላ በቀኝ እጅ ብቻ ይሠራል፤ ግራው ብረቱን ያቀብላል፣ ያወጣል። ለምን ቢባል በፈረቃ የሚጠበቅባቸው ቁጥር በሁለት እጅ እየተጫኑ አይደርስም። ቁጥሩን ያወጣው ማነው? ቢሮው። እንጨቱን አይቶ የሚያልፈው ማነው? ሱፐርቫይዘሩ። እኔም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንጨቱ ኪስ ይገባል፣ ሲሄድ ይመለሳል።

አንድ ሌሊት ፈረቃ ላይ አንድ ልጅ ሁለት ጣቶቹን አጣ። በድርጅቱ ፒክአፕ ወደ ግል ክሊኒክ ተወሰደ፣ ሕክምናው ተከፈለለት። በነጋታው ቢሮ ተጠርቼ «ልጁ እኮ በኤጀንሲ የመጣ ነው፤ የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ መዝገቡን አታበላሸው» ተባልኩ። አላበላሸሁም። መግቢያው ላይ «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» የሚል ሰሌዳ ነበረን። በዚያም ቀን አንድ ተጨምሮበት ቀጠለ። ቁጥሩን የምቀይረው እኔ ነበርኩ።

ይሄ መዝገብ ነገር ቀላል መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በሕጉ መሠረት ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። ኢንሹራንስም ጡረታም ያልሸፈነው ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የ5 ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል። በወር 4,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 240,000 ብር መሆኑ ነው። አንድ የሰው ዕድሜ በዚህ ሲተመን ያሳፍራል፤ ግን እሱንም ለማግኘት ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ መታወቅ አለበት። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ልጁ በምን ያስረዳል? በፒክአፑ ሹፌር?

ተቆጣጣሪዎቹን ብቻ ለመውቀስም አልቸኩልም። እኛ ጋ የሚመጡት ሰዎች መኪና ስለሌላቸው ሄዶ የሚያመጣቸው የፋብሪካው መኪና ነበር። ቀኑን ቀድመን እናውቃለን። ቢሮ ገብተው ፋይል ያያሉ፣ ፋይሉ ያምራል (እኔ ነኝ ያሳመርኩት)፣ ወለሉን ሃያ ደቂቃ ዞረው ይመለሳሉ።

ፋይል ማሳመር የት እንደሚያደርስ ፓኪስታን አይታዋለች። እኛ የ2005ን እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ በዚያው ቀን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። ፋብሪካው እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤስኤ 8000 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ ሰርተፍኬት ተቀብሎ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ብሎ ጥፋተኞቹ ላይ ፈርዷል። ይሁን። ሰዎቹን ውስጥ ያስቀራቸው ግን የተቆለፈ በርና ፍርግርግ የተበየደበት መስኮት ነው። ሰርተፍኬቱ ሲሰጥ በሩና መስኮቱ አብረው ነበሩ።

አሁን መልሱ ይገባኛል፤ «ዶላር የለም፣ መለዋወጫ አይገባም፣ እንኳን ለሴፍቲ ለጥሬ ዕቃም አልደረስንም» ነው። ለአንዳንዱ ነገር እውነት ነው። ግን መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ላንሳ። ብዙ አሮጌ ማሽን በተራ ማብሪያ ነው የሚነሳው። መብራት ሲሄድ ማብሪያው እንደበራ ይቀራል። ሠራተኛው «እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ ክራሸሩ ውስጥ እጁን ይከታል፤ የተሰነቀረውን ፕላስቲክ ይጎትታል። መብራቱ ይመጣል። ወይ ደግሞ አንዱ ሳያውቅ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። እዚህ አገር መብራት መሄድና መምጣቱ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ ይሄን ድንገተኛ አደጋ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማም። መፍትሔው ብሬከሩን አጥፍቶ ጓጉንቸር መቆለፍ፣ ቁልፉን የሚያጸዳው ሰው ኪስ ውስጥ መክተት፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድ ማንጠልጠል ነው። ጓጉንቸር መርካቶ ሞልቷል። ኤልሲ አያስከፍትም።

«ሠራተኛው ራሱ ነው መከላከያውን የሚያወልቀው» የሚለውንም ስንጠብቅ ነበር። አዎ፣ ያወልቃል። ጓንቱ መጠኑ አይሆነውም፣ መነጽሩ ተቧጥጦ አያሳይም፣ ኮታው አይጠብቀውም። ቁጥሩን ሳትቀንሱ እንጨቱን ብትነቅሉበት ነገ ሌላ እንጨት ያመጣል።

ስለዚህ ለእኚያ ባለሀብት የምለው፣ አዲሱን ሕግ ለጊዜው ይተዉት። የድሮውን 92 ይያዙ። አማካሪ ከመጥራትዎ በፊት አንድ ሌሊት ሳይነግሩ ወለሉ ላይ ይውረዱ፤ በሌሊት ፈረቃ የማይታይ ነገር የለም። የቀናት ሰሌዳውን አውርደው የአደጋ መዝገቡን ይስቀሉበት፣ በኤጀንሲ የመጣውም ይጻፍበት። መዝገብ የሚይዘውን ሰው ደግሞ አደጋ ስለጻፈ አያባርሩት። እኔ የፈራሁት እሱን ነበር።

ፋብሪካ የምትሠሩ የቻናሉ ቤተሰቦች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና ኮሜንት ላይ መልሱልኝ። የአደጋ ጊዜ መውጫው በር «ዕቃ ይሰረቃል» ተብሎ ይቆለፋል? በሌሊት ፈረቃ ቁልፉ ማን ጋ ነው? የፋብሪካውን ስም ግን አትጻፉ፤ እንጀራችሁ ነው።