ገዢው ጥቂት የሆነ መድኃኒት ማን ያምጣው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ነጋዴ ወዳጄ የልጁን የሐኪም ማዘዣ ይዞ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ የሐዋሳን ፋርማሲዎች ሲያዳርስ ዋለ። መልሱ ሁሉ አንድ ነበር፤ «የለም፣ አዲስ አበባ ይሞክሩ»። አዲስ አበባም ሞከረ፣ አጣ። በመጨረሻ ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣ ሁለት ጠርሙስ አስገባ። ዋጋውን ሲነግረኝ የመኪና ጎማ የገዛ ነው የመሰለኝ።

መድኃኒቱ ዴስሞፕሬሲን ይባላል፤ በአፍንጫ የሚነፋ ሆርሞን ነው። ሰውነት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ሆርሞን ሲጎድል ሕመምተኛው በቀን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊሸና ይችላል። የሚጠጣው ካጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በሽታው ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ ቢባልም ከስኳር በሽታ የተለየ ነው።

እጥረቱ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው የውጭው ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ፌሪንግ የተባለው አምራች የሚነፋውን መድኃኒት ከአሜሪካ ገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ ከመጠን በላይ ጠንካራ ሆኖ መገኘቱ ነበር፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያወርዳል፣ ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል።

ሁለተኛው የእኛው የዶላር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው ሲያሰላ ሺህ ሰው የሚገዛውን አንቲባዮቲክ ይመርጣል። አይፈረድበትም። ፍሪጅ ሊፈልግ የሚችል፣ ጊዜው የሚያልፍበት፣ ገዢው በጣት የሚቆጠር ዕቃ ማን ይደፍራል?

ይህ ማለት ግን መላ የለም ማለት አይደለም። ይህ መድኃኒት በእንክብልም ይመረታል። እንክብሉ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ለማጓጓዝም ይቀላል። የሚነፋው በማይክሮግራም ሲለካ እንክብሉ በሚሊግራም ስለሚለካ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሐኪም እንጂ ፋርማሲስት ወይም ደላላ መሆን የለበትም።

የከተማችን ፋርማሲዎች ደግሞ ደንበኞቻቸውን ቆጥረው፣ ትእዛዙን አሰባስበው፣ ቀብድ ይዘው ለአንድ አስመጪ ቢሰጡ ጊዜው ያልፍብኛል የሚለው ስጋት ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ያልተመዘገበ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅ ነው። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም እዚሁ ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው። ለጥቂት ሕመምተኞች የሚሆን መጠባበቂያ መያዝ መጋዘን አያጣብብም።

የሻንጣውን ንግድ የምትደግፉ አላችሁ፤ ቢያንስ ዕቃው ይገባል ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ይገባል። በመንገድ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆየ፣ እውነተኛ ይሁን የውሸት ግን ገዢው በምን ያውቃል? ስህተት ቢገኝበት ማንን ይጠይቃል?

አንድ ጠርሙስ 50 ጊዜ ይነፋል። የወዳጄ ልጅ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጊዜ ስለሚነፋ ለ25 ቀን ይበቃዋል። ሁለቱ ጠርሙሶች 50 ቀን ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚተማመነው በሌላ መንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ካልሆነም ከእናንተ አንዱ ዛሬ ስልክ አንስቶ በሚሰበስበው ትእዛዝ።