ዝንቧ የማታስተምረን፦ የነፍሳት የነርቭ አጓጓዥ ፕሮቲኖችና የጥናታችን አቅጣጫ

አንድ የነርቭ ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት የሚያደርሰው ኬሚካል በመልቀቅ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ግን ኬሚካሉ ከሁለቱ ሕዋሳት መካከል መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ ተቀባዩ ሕዋስ አንዱን መልእክት ከሌላው መለየት ይሳነዋል። በነፍሳትም ሆነ በሰው ዶፓሚንንና ሴሮቶኒንን የመሳሰሉትን ሰብስበው ወደ ሕዋስ የሚመልሱት አጓጓዥ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለ እነዚህ ፕሮቲኖች ከፍራፍሬ ዝንብ ብዙ ተምረናል፤ ይሁን እንጂ ሰብላችንን የሚያጠፉት ነፍሳት በራሳቸው ካልተጠኑ ዕውቀታችን ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

የአሠራሩ መርህ በሚገባ ታውቋል። ሶዲየም ከሕዋሱ ውጭ በብዛት፣ በውስጡ ደግሞ በጥቂቱ ይገኛል። አጓጓዡ ፕሮቲን ከዚህ ልዩነት በሚገኘው ኃይል ተጠቅሞ ዶፓሚንን ከሶዲየምና ከክሎራይድ ጋር ያስገባል። በውጭ በኩል ያለው መግቢያ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ በኩል ያለው ይከፈታል፤ ሁለቱ በአንድነት አይከፈቱም። ይህ ፕሮቲን የጎደላት ዝንብ «ፉሚን» ተብላለች፤ በጃፓንኛ «እንቅልፍ አልባ» ማለት ነው። እንደ ስሟም እንቅልፏ ያነሰ፣ እንቅስቃሴዋ የበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዝንቧ የዶፓሚን አጓጓዥ ቅርጽ አንድ የድብርት መድኃኒት በውስጡ እንደተጣበቀ ይፋ ሆነ፤ የሰው የሴሮቶኒን አጓጓዥ ቅርጽ የታወቀው ከዚያ በኋላ በ2016 ነበር።

ይህ መመሳሰል ለሕክምና ምርምር በረከት ሲሆን ለተባይ መከላከል ግን ስጋት ነው። የነፍሳትን የዶፓሚን አጓጓዥ የሚያግድ ንጥረ ነገር የገበሬውንም ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት በሰው ዘንድ አቻ የሌለው አጓጓዥ ነው። ኦክቶፓሚን በነፍሳት ዘንድ ለበረራና ለንቃት የሚያገለግል ዋና መልእክተኛ ነው፤ በሰው ነርቭ ተመሳሳይ ድርሻ ያለው ኖርአድሬናሊን ነው። ኦክቶፓሚንን የሚሰበስብ አጓጓዥ፣ ትሉ ጎመን በሚያጠቃው ትሪኮፕሉዥያ ኒ በተባለ የእሳት እራት ውስጥ ተገኝቷል፤ በፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ውስጥ ግን የለም። ዝንቧን ብቻ የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ፕሮቲን ከቶ ሊያገኘው አይችልም።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ይህ የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎን ካጠቃው መጤ ተምች ጋር በሥነ ሕይወት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ነው። በተባይ ላይ ከሚረጩት ኬሚካሎች መካከል ኦርጋኖፎስፌቶች የሚያግዱት ኤንዛይም ደግሞ በተምቹም፣ በንቧም፣ በረጪው ገበሬም ነርቭ ውስጥ አለ።

የፍራፍሬ ዝንብ በትንሽ ወጪ የምትረባ፣ ትውልዷ ፈጥኖ የሚተካ፣ ሙሉ ዘረመሏም ከ2000 ጀምሮ የታወቀ መሆኑን አልክድም፤ ጀማሪ ተመራማሪ ከእርሷ ቢነሣ ተገቢ ነው። አጓጓዥን ማገድ አስተማማኝ ፀረ ተባይ ያስገኛል ብሎ መደምደምም አይቻልም። ያው ፕሮቲን በንብ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል። ይሁንና እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ተምቹንና ንቧን ራሳቸውን ማጥናት ነው። ተምቹ በማሳችን፣ ንቧም በቀፏችን አሉ፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የጥናት ርእስ ሲመርጡ ከዝንቧ ቀጥሎ ወደ እነርሱ ሊያመሩ ይገባል።