መሪ ሲለወጥ የዲዛይኑ ሰነድ ማን ዘንድ ይቀመጣል?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመሐንዲስ ስህተት ተደብቆ አይከርምም። በሌላ አካባቢ ዓመታትን ሊሸሸግ የሚችል ጠባብ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ፣ ወይም አፈሩ ሳይመረመር የተቆረጠ ተዳፋት፣ በሚዛንና በቴፒ ምድር በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ራሱን ያጋልጣል። ስለዚህም በመንግሥት የዲዛይንና የቁጥጥር ተቋማት ውስጥ የሚደረግ የአመራርና የአደረጃጀት ለውጥ ለቡና አምራቹ አርሶ አደር የሩቅ የቢሮ ወሬ አይደለም። እሸት ቡናው በሰዓቱ ማጠቢያ ጣቢያ ይደርስ ወይም በመንገድ ይበላሽ እንደሆነ የሚወስነው፣ በከፊል፣ በእነዚህ ቢሮዎች የሚሠራው ሥራ ነው።

ባለፉት ዓመታት ዘርፉ ተደጋጋሚ ለውጥ አስተናግዷል። በፌዴራል ደረጃ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በ2008 ዓ.ም. ነበር። በውሃ ሥራዎች፣ በሕንፃና በትራንስፖርት ዲዛይን ላይ ለየብቻቸው የተሰማሩ ሦስት የመንግሥት ድርጅቶች ተዋህደው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ዲዛይንና ሱፐርቪዥን ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተመሠረተ። ተቋሙ በኋላ የኢትዮጵያ ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የሚለውን ስም ይዟል። በኦሮሚያም የውሃ ሥራዎች ዲዛይንና ቁጥጥር ኢንተርፕራይዝ የነበረው ተቋም ወደ ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንነት አድጓል።

የስም ለውጡ የዓላማ ለውጥ ያመለክታል። ቀድሞ የተሰጠውን ፕሮጀክት ነድፎ፣ ግንባታውን ተቆጣጥሮ የሚያስረክብ ድርጅት፣ አሁን ከጥናት እስከ ማማከር ያለውን አገልግሎት በአንድ ጥላ ሥር ለመስጠትና በገበያ ለመወዳደር የሚያልም ተቋም ሆኗል። የውህደቱ አመክንዮም ግልጽ ነበር። መንገዱን የሚነድፈው ባለሙያ የወንዙን ጠባይ ከሚያጠናው ባለሙያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሠራ፣ ድልድዩ ለጎርፉ የሚመጥን ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

ሆኖም ሦስት ቤቶች አንድ ሲሆኑ ሦስት አመራሮችም አንድ ይሆናሉ። የመንግሥት የልማት ድርጅት በሥራ አመራር ቦርድና በሥራ አስኪያጅ ይመራል። ቦርዱ ሲለወጥ የትኩረት መስኩ ይለወጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ሲለወጥ የቡድኖች አደረጃጀት ይለወጣል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዲዛይን ተቋም እውነተኛ ሀብት ሕንፃው ወይም ኮምፒውተሩ ሳይሆን ለዓመታት ያጠራቀመው የመስክ መረጃ ነው። የትኛው ኮረብታ ይንሸራተታል፣ የትኛው ወንዝ በስንት ዓመት አንዴ ከዳርቻው ይወጣል፣ የትኛው አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከዳል የሚለው ዕውቀት በሰነድና በነባር ባለሙያዎች አእምሮ ይኖራል። በለውጥ መካከል በቀላሉ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ከሐዋሳ ወደ ቦንጋ

ለደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ይህ ጥያቄ ድርብ ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል 11ኛው ክልል ሆኖ በቦንጋ ተመሠረተ። እስከዚያ ድረስ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ አካባቢዎች የመንገድ፣ የውሃና የሕንፃ ጥያቄዎች ማዕከላቸው ሐዋሳ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የቀድሞው ደቡብ ክልል ሙሉ በሙሉ በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ፣ በአንድ ማዕከል ይመራ የነበረው ሥራ ወደ በርካታ መዲናዎች ተበተነ።

አዲሱ ክልልም መቀመጫውን በአንድ ከተማ አልወሰነም። ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልል ተቋማትን ተከፋፍለዋል። አደረጃጀቱ የሕዝቦችን የእኩልነት ፍላጎት የሚመልስ ሲሆን፣ ለዲዛይን ሥራ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። የቦርጆችና የአፈር ምርመራ ውጤቶች፣ የከተማ ፕላን ካርታዎችና የድልድይ ንድፎች በአራት ከተሞች ሲበተኑ፣ አንድ መሐንዲስ የሚፈልገውን መረጃ የት ሄዶ ይጠይቃል?

የክልሉ የመጀመሪያ ርዕሰ መስተዳድር ነጋሽ ዋጌሾ (ዶ/ር ኢንጂነር) ከውሃ ምህንድስና ሙያ የመጡ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ኃላፊነቱን ፀጋዬ ማሞ ተረክበዋል። ከላይ የተቀመጠ መሪ የሙያውን ቋንቋ ማወቁ በጎ ነው። ይሁንና የመሪ ሙያ ከመሪው ጋር ይመጣል፤ ከመሪው ጋርም ይሄዳል። ለሚቀጥለው የሚተላለፈው በተቋም ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ዝናቡ የሚጠይቀው

የአካባቢው ተፈጥሮ ጉዳዩን ያከብደዋል። ደቡብ ምዕራብ በአገሪቱ ረጅም የዝናብ ወቅት ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል አዝመራ የሚሰበሰበው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ሲሆን፣ በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ግን የቡና ለቀማው የሚጀምረው ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። ከ10,000 ሄክታር ገደማ ከሚሸፍነው የበበቃ ቡና እርሻ አንስቶ በጓሮው ጥቂት እግር ቡና እስካለው አርሶ አደር ድረስ፣ ምርቱ የሚጓጓዘው በእርጥብ መንገድ ላይ ነው። የተለቀመ እሸት ቡና ደግሞ ቀናትን አይታገስም፤ ካደረ ጥራቱ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ከደረቅ አካባቢ የተቀዳ ንድፍ እዚህ አይሠራም። የአገሪቱ የመንገድ ፍሳሽ ዲዛይን መመሪያ አገሪቱን በዝናብ ቀጣናዎች ከፍሎ የዝናብ መጠንና ጥንካሬ ማስሊያ ያቀርባል። የቀጣና አማካይ ግን ለአንድ ሸለቆ የተሟላ መልስ አይሰጥም። ከፍታው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድበት ምድር፣ በአካባቢው የተሰበሰበ የዝናብና የወንዝ ፍሰት መረጃ ግድ ይላል።

የተዳፋት ጥናት ቸል ሊባል እንደማይገባ የጎረቤት ክልል መራር ሐዘን አስታውሷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። አደጋው የተፈጥሮ ቢሆንም፣ እርጥብ ኮረብታማ አካባቢዎች መንገድ ከመቆረጡና መንደር ከመመሥረቱ በፊት ምን ያህል መጠናት እንዳለባቸው ያሳየ ነው።

በጎ ምሳሌም አለ። የሸካና የቤንች ወንዞች የሚፈሱበት የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ማስተር ፕላን የተጠናቀቀው በ1989 ዓ.ም. ነው። ጥናቱን ያዘዙት ኃላፊዎች ከተለወጡ ዘመናት አልፈዋል። ሰነዱ ግን እስከ ዛሬ የተመራማሪዎች መነሻ ነው። ጥናቱን ያካሄዱት የውጭ አማካሪዎች መሆናቸው ደግሞ ሌላውን ጥያቄ ያስከትላል፤ ቀጣዩን ማን ያጠናዋል?

የቀጣዩ ዓላማ መለኪያዎች

የአገር ውስጥ የዲዛይን ተቋማት ከውጭ አማካሪ ጥገኝነት መላቀቅን ዓላማቸው ካደረጉ፣ አዲስ የሚሾም አመራር በሦስት ነገሮች ሊመዘን ይገባል።

የመጀመሪያው የሰነድ አያያዝ ነው። ከሐዋሳ የቀሩትን የአካባቢውን የጥናትና የንድፍ ሰነዶች አሰባስቦ፣ ለክልሉ ተቋማት ሁሉ ክፍት በሆነ አንድ ማዕከል ማስቀመጥ ብዙ በጀት አይጠይቅም። አለማድረጉ ግን አንድን ጥናት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርቱን የሚሰጠው በቴፒ ግቢ ነው። ወጣት መሐንዲሶች በዚያው እየተመረቁ የአፈር ናሙና ወደ ሩቅ ከተማ የሚላክ ከሆነ፣ ከተቋሙ ጋር ያለው ትስስር ጎድሏል ማለት ነው። ቤተ ሙከራዎቹን ለክልሉ ፕሮጀክቶች ማዋል ለተማሪውም ለፕሮጀክቱም ጥቅም አለው።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው የተቆጣጣሪው ነፃነት ነው። ነዳፊው፣ ተቆጣጣሪውና ተቋራጩ ሁሉም የመንግሥት ሲሆኑ፣ ጥራቱ የጎደለውን ሥራ «አልቀበልም» የሚል መሐንዲስ የሚጋፈጠው የገዛ አለቃውን ሊሆን ይችላል። የሕንፃ ሕጉ ዲዛይን በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ ያዝዛል። ፊርማው ዋጋ የሚኖረው ግን ፈራሚው ከሥራው እንዳይነሣ ሳይሰጋ እምቢ ማለት ሲችል ነው። ለዚህ ጥበቃ የሚያደርግ አመራር፣ ትልቅ ዕቅድ ካነበበ አመራር ይበልጥ ለቡናው አምራች ይጠቅማል።

የሹመት ደብዳቤ በአንድ ቀን ይጻፋል። የአንድ ወንዝ የፍሰት መረጃ ግን በትንሹ አሥርት ዓመታትን ይጠይቃል፤ በመካከሉ ከተቋረጠ ደግሞ ያለፈው ክረምት ተመልሶ አይለካም። በሚዛንና በቴፒ መካከል የሚመላለሰው የቡና ጫኝ መኪና ሾፌር የሥራ አስኪያጁን ስም ላያውቅ ይችላል። መዝገቡ በአግባቡ መያዝ አለመያዙን ግን በየክረምቱ ከመንገዱ ያነብበዋል።