መግለጫ ሳይጽፉ «ማሽኑ ዋሸ» ማለት አይገባም
(ከአንድ እጩ መምህር፣ ሰመራ)



በኮምፒዩተር ክበባችን ስለደረሰው ነገር በየመኝታ ክፍሉ ብዙ ተወርቷል። «ማሽኑ ዋሸ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ በግለ ሂስ እጀምራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመለማመጃ ያህል የሰልጣኞችን የመገኘትና የመቅረት መዝገብ በዳታቤዝ አዘጋጀን። ከዚያም ጥያቄ ተቀብሎ ራሱ መሣሪያ እየመረጠ የሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ «ኤጀንት» የሚባለው፣ መዝገቡን እንዲያነብ አንድ መሣሪያ ሠራንለት። የመሣሪያውን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቃል ብቻ፦ «መረጃ ይፈልጋል»። ስሙን በፈቃዱ ያስመዘገበ አንድ የአዋሽ ሰባት ልጅ «በመስከረም ስንት ቀን ተገኘሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ «አንድም ቀን አልተገኘህም» ሆነ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን «ይሄ እውነተኛው መዝገብ ቢሆን ፈተና አትቀመጥም እባል ነበር እኮ» አለ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ኤጀንቱ ወደ መሣሪያው የላከውን ጥያቄ ከፍተን ስናይ ነገሩ ገባን። እኛ ወሩን በቁጥር ነበር የመዘገብነው፤ መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13። እሱ መስከረምን ሴፕቴምበር አድርጎ ወር 9ን ጠየቀ። በኛ 9 ግንቦት ነው፤ ግንቦት ደግሞ ገና አልደረሰም። ባዶ መልስ መጣለት፤ ባዶውን «አልተገኘም» ብሎ ተረጎመው።

መታወቅ ያለበት፣ ኤጀንቱ የመሣሪያውን የውስጥ አሠራር አያይም። የሚቀርብለት ስሙ፣ መግለጫውና ምን ምን መስጠት እንዳለበት የሚናገረው ዝርዝር ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» በሚባለው ደንብም መሣሪያዎች የሚቀርቡለት በዚሁ መልክ ነው። በሌላ መምህር ምትክ ክፍል የገባ ሰው ማለት ነው፤ የስም መጥሪያው ላይ «ቀ» የሚል ምልክት ያያል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

«ብልህ ከሆነ ራሱ ይወቀው» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። አይ! ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. እዚሁ አፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ የተሰጣት መለያ «ኤ.ኤል. 288-1» ነው። «ኤ.ኤል.» የአፋር ሥፍራ ማለት መሆኑን ያልተነገረው ሰው፣ የቱንም ያህል ቢማር፣ ከቁጥሩ ምን ያወጣል? የኛው መዝገብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «የመጣበት ቦታ» በሚለው ዓምድ «አዋሽ» ተብሎ ተሞልቷል፤ አዋሽ ሰባት ይሁን አዋሽ አርባ ወይስ አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ፣ አይታወቅም። አንዱ «ሰመራ»፣ ሌላው «ሰመራ ሎጊያ» ብሏል። የገቡበት ሰዓት «2» ተብሎ ተጽፏል፤ ለኛ ጠዋት ነው፣ ለሌላው እኩለ ሌሊት ያለፈ። በአፋርኛ የላቲን ፊደል የተጻፉ ስሞችም አሉ። «አፋር» የሚለው ቃል ራሱ በዚያ ፊደል የሚጀምረው በ«ኪው» ነው እኮ፤ በ«ኤ» የፈለገ አያገኘውም።

ከዚህ በኋላ አንድ ጓደኛችን በንዴት አንድ ገጽ ሙሉ መግለጫ ጻፈ። እሱም አልበጀም። ኤጀንቱ መሣሪያ ለመምረጥ የሁሉንም መግለጫ ያነባልና ትርፍ ወሬ ዋናውን ይሸፍንበታል። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦

«የአንድን ሰልጣኝ የአንድ ወር የመገኘት መዝገብ ያወጣል። ሰልጣኙ በመታወቂያ ቁጥር እንጂ በስም አይፈለግም። ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1 እስከ 13 ነው፤ 1 መስከረም ነው። ባዶ መልስ ማለት ወሩ አልተመዘገበም ማለት እንጂ ሰልጣኙ ቀረ ማለት አይደለም። መዝገቡን አይለውጥም።»

ያው ጥያቄ ከመታወቂያ ቁጥሩ ጋር እንደገና ተጠየቀ፤ የልጁ የመስከረም ቀናት አንድ ሳይጎድል ወጡ።

አሁን የቀረን መዝገብ የሚያርመው ሁለተኛው መሣሪያ ነው። መግለጫው «ያስተካክላል» ይላል፤ እውነቱ ግን የቆየውን ሰርዞ አዲስ ይተካል። ተሻሽሎ እስኪጻፍ ድረስ ለኤጀንቱ እንዳይሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስንጽፈውም ሠንጠረዡን አይቶ የማያውቅ አንድ የአማርኛ ክፍል ሰልጣኝ ያንብበውና፣ መሣሪያው ምን እንደሚያጠፋ በራሱ አፍ ይንገረን። ፈቃደኛ የሆነ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ድረስ ይምጣ።