የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት የትምህርት ክፍል መመደቢያ አይሁን

ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትም ስለ አንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የወጣው ጽሑፍ፣ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ውጤታቸው የሚያሽቆለቁለው ራሳቸውን መምራት ስለማይችሉና ለትምህርታቸው ደንታ ስለሌላቸው ነው ብሎ ደምድሟል። ይህ ድምዳሜ ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ቀበሌዎች በርበሬና በቆሎ ሸጦ ልጁን የሚልከውን ወላጅ ክብር የሚነካ ነው፤ ከዚያም በላይ ስሕተት ነው። ጥፋቱ ያለው በተማሪው ጠባይ ሳይሆን፣ ተማሪው አዲሱን ኑሮ ገና በሚለማመድበት መንፈቀ ዓመት ያገኘው ውጤት የዕድሜ ልክ ሙያውን እንዲወስን በሚያደርገው አሠራር ነው።

ደንታ ቢስ የተባለው ተማሪ በምን ዓይነት በር አልፎ እንደገባ ማስታወስ ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከማለፊያው በታች ሆነው በሪሚዲያል፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጥቂት ወራት በሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት የገቡትም ሌላ ፈተና ተፈትነው ነው ያለፉት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በከረሙበት ዘመን ይህን በር ያለፈ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ሰነፍ ሆነ ማለት ለአእምሮ የሚከብድ ነገር ነው።

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚወስዳቸው መሠረታዊ ኮርሶች ስብስብ ሲሆን፣ የመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር ቀርቶ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። የእንግሊዝኛ ተግባቦት፣ ሥነ አመክንዮ፣ ሥነ ልቡና፣ ሒሳብና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የመሳሰሉት ኮርሶች የተካተቱት ተማሪው ሰፊ መሠረት ይዞ ወደ ሙያው እንዲሻገር ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አማካይ ውጤት፣ ይኸውም የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ተባዝቶና ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል የሚገኘው ጂፒኤ የሚባለው ቁጥር፣ ለመስክና ለትምህርት ክፍል ምደባ ስለሚውል፣ ለመላመጃ የተመለሰው ጊዜ የመሽቀዳደሚያ ጊዜ ሆኗል።

ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት የጥሪ ማስታወቂያ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ማስታወቂያው አዲስ ገቢው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲመጣ በዝርዝር ያዛል፤ ጂፒኤ እንዴት እንደሚሰላ፣ ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ መቼ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠውና መቼ እንደሚሰናበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር አይጽፍም። በዚህ የተነሣ በየኮርሱ መጀመሪያ የሚሰጠው ከአምስትና ከአሥር የሚታረም ኩዊዝ ለምደባው እንደሚቆጠር ተማሪው የሚረዳው ብዙ ጊዜ ካመለጠው በኋላ ነው። የከተማ ልጅ ይህን ከቀደሙት ወንድሞቹና እኅቶቹ ሰምቶ ሲገባ፣ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው የገጠር ልጅ የሚነግረው የለም። በዚያ ላይ ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የጅጋ ልጅ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ የሰጠውን ትምህርት በአማርኛ ደግሞ በማያስረዳበት ክፍል እየተማረ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ከሚናገሩ የዶርም ጓደኞቹ ጋር መኖርንም አብሮ ይለማመዳል። ይህ ሁሉ በአንድ መንፈቀ ዓመት ይጠበቅበታል፤ የሚመዘነውም በዚያው መንፈቀ ዓመት ነው።

አዲስ ገቢን እያላመዱ ማስተማር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጎጃም ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪን እንዴት መቀበል እንደሚገባ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በቅኔ ቤት ጀማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) ቅኔ ይጀምራል፤ የቀደመው ተማሪ እየደገፈው፣ የኔታም እያረሙት ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ጀማሪው በቆጠራት የመጀመሪያ ጉባኤ ቃና ቤቱ ሞላ ወይም አልሞላ ብሎ የወደፊት ዕጣውን የሚበይንበት የቅኔ መምህር የለም፤ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ በጀት የኖረው ጉባኤ ቤት ያወቀውን ይህን ሥርዓት ዘመናዊው ተቋም ሊያጣው አይገባም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለምደባ ካልዋለ ተማሪው ይዘናጋል የሚለው ክርክር ውኃ የሚያነሳ አይደለም፤ ኮርሶቹን የማለፍ ግዴታው እንዳለ ሆኖ ከውጤቱ የሚነሣው የምደባ ሚዛኑ ብቻ ነውና። ዐዋቂ ስለሆነ ራሱን ይቻል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ራስን መቻል የሚቻለው ሕጉን ካወቁ በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው ጥሪው የሚነገርበት መንገድ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት እንኳ ጥሪ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲለጠፍ፣ ቀኑም አጭር ሲሆን፣ የገጠር ተማሪ ወሬውን ከሰው ሰምቶ በችኮላ ለመጓዝ ይገደድ ነበር። ዘግይቶ የደረሰ ተማሪ ያመለጠው ትምህርትም የዚያኑ መንፈቀ ዓመት ውጤት ይቀንስበታል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርና የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት፣ ማለትም ከፍተኛው የአካዳሚክ ጉዳዮች ወሳኝ አካል፣ ምደባው ተማሪው ከተላመደ በኋላ በሚገኘው የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት ላይ እንዲመሠረት፣ የጥሪ ማስታወቂያውም ከአንሶላው ዝርዝር ጋር የውጤት አሰጣጡን ደንብ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲይዝ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢም አንድ ነባር ተማሪ በመሪነት እንዲመደብለት ሊወስኑ ይገባል። መጽሔቱም ስለ ገጠር ተማሪዎች ሌላ ፍርድ ከማተሙ በፊት ተማሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቆ ቃላቸውን የማውጣት ግዴታ አለበት።

ከአክብሮት ጋር
የመጽሔቱ አንባቢ፣ ጅጋ፣ ምዕራብ ጎጃም