ደጀኑም ሠራዊት ነው

ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር በከተማችን ሻይ ቤት አረፍ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «የትኛው ግንባር ነበርክ?» የሚል ነው። እግረኛውና ታንከኛው ቀና ብለው ይመልሳሉ። የከባድ መኪና ነጂው፣ የወጥ ቤቱ ባልደረባ፣ የጥገና ክፍሉ መካኒክ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እንኳ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ነኝ» ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። ዛሬ ብዕራችንን ያስነሳን ይህቺ «እንኳ» የምትባል ቃል ናት። ሰውዬው የሚያፍርበት ሥራ ከቶ የሚታፈርበት አይደለምና።

የአድዋ ድል በተወሳ ቁጥር ጋሻና ጎራዴ፣ ጠመንጃና መድፍ ይወሳሉ። በሶው፣ ቋንጣውና ድርቆሹ ግን እምብዛም አይነሱም። የክተት አዋጁ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ጦሩ አድዋ እስኪሰለፍ ድረስ ከአምስት ወር ያላነሰ ጊዜ አልፏል። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ያ ሠራዊት በዚያ ሁሉ ጊዜ በየዕለቱ መብላት ነበረበት። እህሉን የጫኑት በቅሎዎችና አህዮች፣ ከሰፈር ሰፈር ወፍጮ ተሸክመው እየፈጩ ያበሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከሰልፉ ሥርዓት ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሚሉ ማዕረጎች ሲወጡ፣ ወፍጮ ተሸክማ ለተከተለችው ሴት የወጣላት ማዕረግ አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል።

የስንቅ ነገር ደጋፊ ብቻ ሳይሆን ወሳኝ እንደነበረም ያው ዘመቻ ይመሰክራል። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በጥር ወር ምሽጉን የለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ስለተያዘበት ነው። ጄኔራል ባራቲየሪም የካቲት 21 ቀን የበታች ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲያማክር የቀረው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። ከሮማም ግፊት ነበረበት። በሌላው ወገን ያገሩ እህል አልቆ ስለነበረ የምኒልክ ሠራዊት ሰፈሩን ለቅቆ ለመሄድ ተቃርቦ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ጦሮች የጎተራቸውን ወለል እያዩ ቀን ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። ባራቲየሪ ቀድሞ ተነሣ፤ በማያውቀው ተራራ መካከል በሌሊት ተጉዞም የካቲት 23 ቀን ድል ሆነ።

በሞተር በሚንቀሳቀስ ሠራዊት ዘንድ ይህ ጥገኝነት ይበልጥ ጠንክሯል። በቅሎ በመንገድ ዳር ሣር ትግጣለች፤ ታንክ ግን ሣር አይበላም። እ.ኤ.አ. በ1944 የኅብረቱ ጦር ከኖርማንዲ ወጥቶ በፈረንሳይ ምድር ሲገሰግስ የባቡር ሐዲዶቹ አስቀድመው በቦምብ ስለተሰባበሩ ነዳጅና ጥይት የሚያደርስ ጠፋ። የጄኔራል ፓተን ታንኮች ጠላት ሳያቆማቸው ቤንዚን አጥተው ቆሙ። «ቀይ ኳስ» የተባለው የካሚዮን አገልግሎት የተቋቋመው በዚያን ጊዜ ነው። ከነሐሴ 19 ቀን 1936 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ኅዳር 7 ቀን 1937 ዓ.ም. ድረስ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ መንገድ ሌት ተቀን ተመላለሱ፤ ሥራው በተፋፋመበት ጊዜ በቀን እስከ 12,500 ቶን አድርሰዋል። ከነጂዎቹ አራት ሦስት እጁ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የአገራቸው ሠራዊት በቆዳ ቀለማቸው ለይቶ ከውጊያ ክፍል ያራቃቸው እነዚህ ሰዎች ባይነዱ ኖሮ ተዋጊው በቆመበት ይቀር ነበር።

ይሁን እንጂ የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። መኪናዎቹ ከአቅም በላይ ተጫኑ፤ ለጥገና የሚያርፉበት ጊዜ ተነፈጉ፤ ጎማ አለቀ፣ ሞተር ተቃጠለ። ወታደሮች በየሜዳው የጣሉት ባዶ ጀሪካን እንኳ ነዳጅ ማመላለሻ እስኪጠፋ ድረስ አሳጥቶ፣ የፈረንሳይ ሕፃናት ለቅመው እንዲመልሱ ተለምነዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፎም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በየካቲትና በመጋቢት ከኪየቭ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የሩሲያ የተሽከርካሪ ሰልፍ በመንገድ ላይ ሲገተር፣ ከተቃዋሚው ጥቃት ጋር የነዳጅና የስንቅ እጥረት ምክንያት ሆኖ ተቆጥሯል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ለአዛዦች ነው። የጥገና ኃላፊው «ከአሥር መኪና አራቱ አይነሱም» ብሎ ሲናገር ወኔ እንደጎደለው ተቆጥሮ ሊገሠጽ አይገባም። ተግሣጽን ፈርቶ «ሁሉ ዝግጁ ነው» የሚል ሪፖርት የሚጽፍ መካኒክ ያፈራነው እኛው ነን፤ የዚያ ሪፖርት ዋጋም የሚከፈለው በምሽግ ውስጥ ውኃ በሚጠብቀው ወታደር ነው። የዘመቻ ሰዓት ከመቆረጡ በፊት የስንቅ፣ የሕክምና፣ የመሐንዲስና የመገናኛ ኃላፊዎች በካርታው ዙሪያ ይቁሙ፤ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ተጠርተው «አድርሱ» ብቻ አይባሉ።

ሁለተኛው ደጀኑን ራሱንና የከተማውን ሕዝብ ይመለከታል። ደጀን ይከበር ስንል ደጀን ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በየትኛውም አገር ከጦር መጋዘን የወጣ ነዳጅና ብርድ ልብስ ወደ ገበያ መንገዱን አያጣም። ሌሊት በጓሮ በር ቤንዚን የሚቀዳው ባለመጋዘንና «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚገዛው ነጋዴ ከአንድ ጀሪካን በላይ ነገር ተካፍለዋል። ያ ቤንዚን ቁስለኛ ጭኖ ሊመለስ የሚገባው የአምቡላንስ ቤንዚን ነበር።

ለሙያው የሚሰጠውም ክብር በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ሜዳይ ሲታደል ድልድይ የጠገነው፣ ቃሬዛ የተሸከመውና ለሻለቃ ጦር እንጀራ የጋገረችው በስማቸው ይጠሩ። ለመኪና ነጂው ደግሞ ከሜዳዩ በፊት የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱን፣ ጎማውንና ፍሬኑን የሚፈትሽበት ግማሽ ሰዓት በጉዞ ትእዛዙ ላይ ይጻፍለት።